የረድኤት ማንበቢያ

እኔን የሚያደክመኝ ሥራ አይደለም፤ መምረጥ ነው። እናንተን አያደክማችሁም? ገጠር፣ ጋዝጊብላ ባደግኩበት ጊዜ ምርጫ የሚባል ጣጣ አልነበረም። ጫማ ካስፈለገ አባቴ ከገበያ የላስቲክ ጫማ ይዞልኝ ይመጣል። ከጠበበ «ይለጠጣል»፣ ከሰፋ «ታድጊበታለሽ» ይባላል። አለቀ።

ዛሬ ሁሉም ነገር አስር ዓይነት ሆኗል። አስሩን አይቶ አንዱን ማንሳት ደግሞ የተማረ ሰው ሥራ ነው ተብሏል። እኛ ቤት የተማረ ሰው ማለት እኔ ነኝ። የመብራት ቆጣሪ ሲበላሽ ይጠሩኛል። ሥነ ጽሑፍ ነው ያጠናሁት ብል ማን ይሰማኛል? አንድ ጊዜ የጎረቤት በግ ሆዷ ተነፋና «አንቺ የተማርሽ አይደለሽም እንዴ?» ብለው ወሰዱኝ። አጠገቧ ቁጭ ብዬ አየኋት። እሷም አየችኝ። ከዚያ ሞተች። እስከ ዛሬ ባለ በጓ ሲያገኙኝ ሰላምታቸው ቀዝቀዝ ያለ ነው።

ዘንድሮ የመጣብኝ ግን ከበጓም የባሰ ነው። ለልጅ የንባብ መሣሪያ ምረጪ ተባልኩ። ያውም የወላጅ መቆጣጠሪያ ያለው።

ነገሩን ከሥሩ ላውጋችሁ። ዝናሽ ታላቅ እህቴ ናት። ዓረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች። ልጇን ረድኤትን እኔና እናቴ እዚህ ሰቆጣ እያሳደግናት ነው። አባትየው ሌላ ትዳር ይዞ ወደ ራያ ወርዷል፤ የሱን ነገር እዚሁ ላይ እንዝጋው። ዝናሽ ስትሄድ ረድኤት ገና ወሬ መልቀም የጀመረች ሕፃን ነበረች። አሁን አስራ አንድ ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ በከረመበት ጊዜ ምክንያት ገና አራተኛ ክፍል ናት። ንባቧ ግን ከክፍሏ ቀድሟል።

እኔ የምሠራው የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ቤተ መጻሕፍት ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ካለፉት ክፉ ዓመታት ወዲህ መደርደሪያው ጥርሱ የረገፈ አዛውንት መስሏል፤ እዚህ አንድ፣ እዚያ አንድ። በገፍ የተረፈው የፊዚክስ መጽሐፍ ብቻ ነው። እሱን የሚወስድ ጠፋ መሰለኝ። ረድኤት ከትምህርት መልስ እኔ ዘንድ እየመጣች ያለውን ታነባለች። አንድ ቀን ቀና ብል ያንን ፊዚክስ ገልጣ ተቀምጣለች። የአስራ አንደኛ ክፍሉን። «ገባሽ ወይ?» አልኳት። «አልገባኝም፤ ግን ሌላ የለም» አለችኝ።

በዚያው ሰሞን ዝናሽ ደውላ ምን ልላክልሽ ስትላት «መጽሐፍ» አለች። መጽሐፍ ደግሞ ከዓረብ አገር እንዴት ይመጣል? ዕቃ የሚያደርሱልን ወደ አገር የሚመለሱ ሴቶች ናቸው። ሻንጣቸው በሚዛን ነው። ሽቶና ልብስ እሺ ብለው ይይዛሉ። መጽሐፍ ስትሰጣቸው ድንጋይ የሰጠሃቸው ያህል ያዩሃል። እንግዲህ ዝናሽ የምትሠራበት ቤት ልጆች እንደ ብስኩት የሳሳ ማንበቢያ አላቸው፤ ታብሌት የሚመስል፣ መጽሐፍ ብቻ የሚነበብበት። ስንትና ስንት መጽሐፍ ይይዛል፤ አይከብድም። ያንን ልግዛላት አለች። እሰየው አልኩ።

ቀጥላ ግን አንድ ነገር አጠበቀች። «የወላጅ መቆጣጠሪያ ያለው ይሁን።»

የማዳሟ ልጆች የሚያነቡትን እናታቸው በስልኳ ታያለች። የት ገጽ እንደደረሱ፣ ስንት ሰዓት እንደቆዩ ይነግራታል። የመኝታ ሰዓት ሲደርስ ማንበቢያው በራሱ ይዘጋባቸዋል። ከእጃቸው ተቀብላ የምታስቀምጠው ዝናሽ ናት። «የሰው ልጅ መቼ እንደሚተኛ አውቃለሁ፤ የኔ መቼ እንደምትተኛ አላውቅም» አለችኝ። ቀልድ አስመስላ ነው ያለችው። እኔም ሳቅኩላት። ምን ላድርግ?

ምክንያቷ ደግሞ ይገባኛል። ረድኤት ስልክ ላይ ዲዳ ናት። እኔ ጋ ስትሆን እንደ ወፍ ትንጫጫለች። እናቷ ስትደውል ግን «በላሽ?» «አዎ።» «ትምህርት እንዴት ነው?» «ደህና።» «ናፈቅኩሽ?» «እሺ።» እንግዲህ ናፈቅኩሽ ለሚል ጥያቄ እሺ መልስ ነው? ስልኩ ወደኔ ሲመለስ ዝናሽ «ልጄን የማናግር አይመስለኝም፤ ቀበሌ ደውዬ ጉዳዬ የት ደረሰ የምል ነው የሚመስለኝ» ትላለች። ምን እንደምታስብ አልነግር ካለችኝ ምን እንደምታነብ ልወቅ ነው ነገሩ። ከምንም ይሻላል።

ስለዚህ ምርጫው የዕቃ ምርጫ ብቻ አልነበረም። ይሄ ነው ያደከመኝ።

መጀመሪያ እዚሁ ሰቆጣ ልጠይቅ ብዬ ከመናኸሪያው አጠገብ ካለው የሞባይል ሱቅ ሄድኩ። እኔ ሱቅ ገብቶ መጠየቅ ይከብደኛል። ሰው ካለ እስኪወጣ እጠብቃለሁ፤ ሰው ከሌለ ደግሞ ብቻዬን መግባቱ ያስፈራኛል። ገብቼ «የንባብ…» ስል ባለ ሱቁ «ምን ልስጥሽ እህቴ?» ብሎ ጮክ ሲል «ቻርጀር» አልኩ። በሌላ ቀን ሄድኩ፤ አሁንም ቻርጀር ይዤ ወጣሁ። በመጨረሻ ጠየቅኩት። «ሲም ይወስዳል?» አለኝ። አይወስድም። «ካሜራ አለው?» የለውም። «ዘፈን ያጫውታል?» አያጫውትም። ትንሽ አሰበና «ታዲያ በዚህ ሁሉ ጉድለቱ ለምን ይገዛል?» አለኝ። ቻርጀር ገዛሁ።

ከዚያ ወደ ኢንተርኔት ዞርኩ። እዚያ ደግሞ ሁሉም ምርጥ ነው። አንዱ ውኃ ውስጥ ቢወድቅ አይበላሽም ይላል። እኛ ሠፈር የቧንቧ ውኃ በፈረቃ ነው፤ የሚወድቅበት ውኃ ከየት ይመጣል? ሌላው አንዴ ከተሞላ ለሳምንታት ይሠራል ይላል። ይሄን ወደድኩት። መብራት ሲጠፋ እንደ ሰው የማይደነግጥ ዕቃ ጥሩ ነው። ቁጥጥሩ አንደኛ ነው የተባለው ደግሞ ከራሱ መደብር በቀር ከየትም መጽሐፍ አይቀበልም። መደብሩ ውስጥ እልፍ አእላፍ የልጆች መጽሐፍ አለ፤ በአማርኛ አንድም የለም። የኛ ፊደል ሲገባበት ሳጥን ሳጥን ሆኖ ይደረደራል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄ ነው። ልጅቷ ከክፉ ጽሑፍ ፍጹም ትጠበቃለች፤ ምክንያቱም ምንም አታነብም።

ይህን ሁሉ ስል አያ ደሳለኝ ጥግ ላይ ተቀምጠው ያዳምጣሉ። አያ ደሳለኝ የእናቴ ወንድም ናቸው። በገበያ ቀን ከጋዝጊብላ በእግራቸው ይመጡና እኛ ዘንድ ያርፋሉ። «ልጅ ለመቆጣጠር ማሽን?» አሉ። «በኛ ጊዜ አገሩ ሁሉ ተቆጣጣሪ አልነበረም?»

እውነታቸውን ነው፤ ነበር። እኔ ራሴ ምስክር ነኝ። ልጅ ሳለሁ እንቁላል ልሸጥ ገበያ ተልኬ በመንገድ ላይ የሆነ ነገር የተጠቀለለበት ወረቀት አገኘሁ። ጽሑፍ አለው። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። አላፊ አግዳሚው አየኝ። ቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኛል። አንዱ ለአባቴ ወረቀት ስታነብ አየኋት ብሎታል። ሁለተኛው ደብዳቤ ነው ብሏል። ሦስተኛው የወንድ ደብዳቤ ነው ብሏል። አባቴ ወረቀቱን አምጪ አለኝ። የሳሙና ማስታወቂያ ነበር። አባቴ ማንበብ ስለማይችል ያነበብኩለት እኔው ነኝ። «ከተልባ እሸት የሚለሰልስ» የሚል ነገር ነበረበትና አላመነኝም፤ ይሄማ የወንድ ቃል ነው ብሎ ገረፈኝ። እንግዲህ ያ ነበር የድሮው መቆጣጠሪያ። ሪፖርቱ ፈጣን ነው፤ ትክክል ነው ግን አይባልም።

ዝናሽ የእረፍት ቀኗ ሲደርስ ከሱቅ ሆና በቪዲዮ ደወለች። ሻጩን ልታገናኘኝ ነው። እኔ ከማላውቀው ሰው ጋር በአማርኛ ማውራት ይጨንቀኛል፤ እንኳን በእንግሊዝኛ። የሰውየው ፊት ብቅ ሲል ስልኩን ለእናቴ ሰጠሁ። እናቴ ሰላምታ አታጓድልም። «እንደምን ዋሉ ጌታዬ? ልጆችዎ ደህና ናቸው? ከብቱስ? አገርዎ ዘነበ ወይ?» ሰውየው በፈገግታ ራሱን ይነቀንቃል። እንዳልዘነበ ግን ከኋላው ባለው መስኮት ይታያል። እኔ ከጎን ሆኜ በሹክሹክታ ጥያቄዬን ለዝናሽ እነግራታለሁ። በመጨረሻ የኛን ፊደል የሚያነበውን ያዝን። ቁጥጥሩ ላላ ይላል ተባለ። ላላ ማለት ምን ማለት ነው? ሻጩ እንዳስረዳው፣ ዕቃው ሰውን በሁለት ይከፍላል። ልጅ ከሆንክ ወላጅህ ሁሉን ያያል፣ ሰዓት ይወስንልሃል፣ ይዘጋብሃል። አዋቂ ከሆንክ ግን ሳያስፈቅድህ ማንም አያይብህም። ለኛ ይበቃል አልን። ረድኤት ልጅ አይደለችም እንዴ?

ዕቃው በአንዲት ተመላሽ ሴት ሻንጣ፣ በሹራብ ተጠቅልሎ ደረሰ። ምዝገባው ለኔ ተተወ፤ የተማርኩት እኔ ነኛ። መጀመሪያ የዝናሽን ገጽ ከፈትኩ። የልደት ዓመቷን ወደ ፈረንጅ ዘመን ቀይሬ በጥንቃቄ ሞላሁ። የይለፍ ቃሉን ልኬላት ስልኳ ላይም ያው ገጽ እንዲከፈት አደረግኩ፤ መጽሐፍም እዚያው ይነበባል። ቀጥሎ የረድኤት ተራ ሆነ። ኔትዎርኩ ይመጣል፣ ይሄዳል። እናቴ «ገና ነው?» ትላለች። ረድኤት ትከሻዬ ላይ ተንጠልጥላ ትተነፍሳለች። የተወለደችበት ዓመት ሲባል እሷው ቀድማ «ሁለት ሺህ ሰባት!» ብላ ጮኸች። እኔም ጻፍኩ። ማሽኑ እንኳን ደህና መጣሽ አላት። ሁላችንም አጨበጨብን።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ማፍሰሴንም አላወቅኩም።

ረድኤት ባገኘችው መጽሐፍ ላይ ወደቀች። የትምህርት ቤት ባልደረቦቼ በስልክ የሚቀባበሉትን እየለመንኩ ጫንኩላት። ዝናሽ ግን ምንም አልመጣልኝም እያለች ትደውላለች። ዛሬም የለም፤ ነገም የለም። ኔትዎርክ ይሆናል አልኳት። በኛ አገር ኔትዎርክ የማይሸከመው ጥፋት የለም።

አንድ ቀን ረድኤት ማንበቢያውን ይዛ ቤተ መጻሕፍት መጣች። «አክስቴ፣ ይሄ ምን እያለኝ ነው?» እንግሊዝኛው አጭር ነው። ዝናሽ የሚያነቡትን ማየት ትፈልጋለች፤ ይፈቅዳሉ ወይስ አይፈቅዱም ይላል። በእርስዎ የተረጎምኩት እኔ ነኝ። እንግዳ ማሽን ነው፤ ደፍሮ አንቺ አይላትም ብዬ ነው።

ያን ጊዜ ገባኝ። ዓመተ ምሕረቱ! የኛን ሁለት ሺህ ሰባት ሳልቀይር ለፈረንጅ ማሽን ሰጥቼዋለሁ። ማሽኑ ረድኤትን አስራ ስምንት ዓመት የሞላት ልጃገረድ አድርጓታል። ብትፈልግ መንጃ ፈቃድ የምታወጣ፣ ብትፈልግ ትዳር የምትይዝ። አዋቂ ስለሆነች እናቷ እሷን ማስፈቀድ አለባት።

«እማ ናት የጠየቀችኝ?» አለች።

«አዎ።»

«እኔን?»

«አንቺን።»

ማንበቢያውን ደረቷ ላይ አቀፈችው። «አስቤ እነግራታለሁ» አለችና የመሬት ክርክር እንዳለበት ሰው በዝግታ እየተራመደች ወጣች።

አሰበች። ቀን መጣ፣ ቀን ሄደ፤ እሷ እያሰበች ነው። ቤቱ ታመሰ። ዝናሽ ስትሰማ መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥላ አለቀሰች። «የገዛ ልጄን ላስፈቅድ?» አለች። «ዓመቱን አስተካክዪና ልጅ አድርጊያት በቃ!» እሺ አልኩ። እሺ ማለት ልማዴ ነው። የማስተካከሉ ሥራ የአንዲት ደቂቃ ነበር፤ ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ። ያቺ ልጅ በሕይወቷ ስንት ነገር ተወስኖባታል? እናቷ ስትሄድ ማን አስፈቀዳት?

እናቴ ቆጣ ብላ «ማየት ካማራት መጥታ ትያት» አለች። ካለች በኋላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ለምን እንደማትመጣ ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናትና። ለቤቱ ኪራይ፣ ለእናቴ የደም ግፊት መድኃኒት፣ ለረድኤት ደብተር የሚመጣው ከዚያው ነው።

አያ ደሳለኝ በገበያ ቀን መጥተው ሲሰሙ «ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች!» ብለው በትራቸውን አነሡ። እናቴ ቀበል አድርጋ በአገራችን ቋንቋ፣ በኽምጣና፣ አንድ ነገር ተናገረቻቸው። ሁለቱ የእልህ ንግግር ሲያምራቸው በኽምጣና ነው። ያለቻቸው ነገር ትርጉሙ «ሚስቴን አግባቡልኝ ሲሉህ አገር ለአገር ስትዞር ትከርማለህ፤ ለዚች ግን በትር ይቀናሃል?» የሚል ነው። አያ ደሳለኝ በአገራቸው የታወቁ ሽማግሌ ናቸው። የተጣላ ማስታረቅ፣ ሚስት መለመን ሥራቸው ነው። በትሩን አወረዱ። ከዚያ ተነሥተው ወደ ውጭ ወጡ።

ምን ሊያደርጉ ነው ብለን ስንጠብቅ በሩን አንኳኩ። የገዛ እህታቸውን ቤት! ጋቢያቸውን አስተካክለው ደጃፉ ላይ ቆሙ። ረድኤት ደብተሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። «ይግቡ እንጂ አያ» አለቻቸው። «አንገባም» አሉ፤ ብቻቸውን ሆነው አንገባም አሉ። «የመጣንበት ጉዳይ ካልተፈጸመ አንቀመጥም። የተከበርሽ እመት ረድኤት፣ ዝናሽ የምትባል ሴት ልካናለች። ቤቷ ሩቅ ነው። ሰው መላክ ስላልቻለች እኛን ለመነችን። የምታነቢውን እንድታሳዪያት ትለምንሻለች።»

ረድኤት ሳቋን አፏ ላይ በእጇ ያዘችው። እናቴ ግን አልሳቀችም። ሽምግልና ሽምግልና ነው። «መልስ ስጪ እንጂ፤ ሽማግሌ ቆሞ አይቀርም» አለቻት።

ልጅቷ ሳቋ ሄደ። ጣቷን ደብተሩ ላይ እያመላለሰች ቆየች። «እፈቅዳለሁ» አለች። «ግን እሷም ታሳየኝ።»

«ምኑን?»

«የምታነበውን።»

አያ ደሳለኝ ወደኔ ዞሩ። እኔ ወደ እናቴ ዞርኩ። «እናትሽ እኮ አታነብም፣ የኔ ልጅ» አለች እናቴ።

«ታንብብ። እኔን በላሽ፣ ተማርሽ፣ ተኛሽ ትለኛለች። እኔ ስጠይቃት ደህና ነኝ ብቻ ነው የምትለው። ሁልጊዜ ደህና ነኝ። እኔስ ምን ልበላት? እኔም ደህና እላታለሁ።»

ይህን ያህል ዘመን ልጅቷ ዝም አለች ስንል ኖረን፣ ለካ የእናቷን ቃል እየመለሰችላት ነው። አያ ደሳለኝ ግን ሽማግሌ ናቸውና ድርድር አይከብዳቸውም። «ይገባል» አሉ። «ይሄ ፍርድ ነው።» ከዚያ በኋላ ብቻ ገብተው ተቀመጡ።

መልሱን ለዝናሽ ያደረሱት እሳቸው ናቸው። ስልክ ሲይዙ ከገደል ማዶ ያለ ሰው የሚጠሩ ይመስላቸዋል፤ ጎረቤቱ ሁሉ ሰማ። ዝናሽ «አያ፣ እኔ እኮ አራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። ፊደሉም ሳይረሳኝ አልቀረም» አለች። ረድኤት ስልኩን ከእጃቸው ወሰደች። «አይረሳም» አለቻት። «ሲጽፉት ነው የሚረሳው፤ ሲያነቡት አይረሳም።» ይህን ከየት እንዳመጣችው አላውቅም። «ታዲያ የቱን ላንብብ?» አለች ዝናሽ። ያ ሁሉ ዓመት ስትጠይቃት ኖራ ረድኤት ከአንድ ቃል በላይ የምትመልስበት ጥያቄ የመጣው ያን ዕለት ነው። ስልኩን ይዛ ጓሮ ወጣች። ካርዱ እስኪያልቅ አልገባችም።

እንዲህ ሆነና ሁለቱም ፈቀዱ። ዝናሽ የልጇን ማየት ጀመረች። «ስለ ዓሣ ነባሪ ለምን ታነባለች? ሰቆጣ ዓሣ ነባሪ የት አለ?» ትለኛለች። ደስታዋ ግን በስልክ ይሰማል። ረድኤትም የእናቷን ታያለች። ዝናሽ መጀመሪያ የጸሎት መጽሐፍ ከፈተች። ገጹ ሲበር ያየችው ረድኤት ወዲያው አስደወለችኝ። «ይሄማ በቃልሽ የምትይው ነው፤ አይቆጠርም» አለቻት። የራሷን የአራተኛ ክፍል አማርኛ መጽሐፍ አስጫነችላት።

ከዚያ ወዲያ የስልኩ ጥያቄ ዞረ። «ትናንት ለምን አላነበብሽም?»

«እንግዳ በዝቶብን ነበር፣ ልጄ።»

«ስንት እንግዳ? ምን ሠራሽላቸው? ማን አገዘሽ?»

ዝናሽ ሳትወድ ትናገራለች። ምንጣፍ እንዴት እንደሚታጠብ፣ የትኛው ልጅ እንደሚያስቸግር፣ ምድር ቤት ያለች ክፍሏ መስኮት እንደሌላት። እኔ ታናሽ እህቷ ሆኜ መስኮት እንደሌላት አላውቅም ነበር። እኔም ደህና ነኝ ስትለኝ ደህና ናት ብዬ ነበር የኖርኩት።

አንድ ሰሞን ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ረድኤት ተጨንቃለች። «እማ አንድ ገጽ ላይ ቆማ ቀረች። ማታ ከፍታው እስከ ንጋት እዚያው ናት። ትናንትም እንደዚያው። ከባድ ገጽ ነው?» ገጹን አወጣነው። ስለ እጅ መታጠብ ነው፤ አራት መስመርና አንድ የሳሙና ሥዕል። ሁለታችንም ሥዕሉን አየነው። «ይሄ ምኑ ይከብዳል?» ልል ስል ልጅቷ ቀደመችኝ።

«ተኝታ ነው» አለች። «እያነበበች እንቅልፍ ይጥላታል። እኔ አንብቢ ስላልኳት ነው።»

ስትደውልላት ዝናሽ አልደበቀችም። ሥራ የሚያልቀው አምሽቶ ነው። ከዚያ በኋላ ለልጇ ብላ ትከፍታለች። ፊደሉ ይደበዝዛል። «እንዳላሳፍርሽ ብዬ ነው» አለቻት። ልጅ እናቷን እንዳላሳፍር ስትል ሰምቻለሁ፤ እናት ልጇን እንዳላሳፍር ስትል የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ረድኤት «እንደ ማዳም ልጆች በሰዓቱ የሚዘጋ ነገር ለእማ ይደረግላት» አለችኝ። አስረዳኋት። ዕቃው አዋቂ ላይ አይዘጋም፤ ልጅ ላይ ብቻ ነው የሚዘጋው። «እሺ» አለችና ሄደች። ይህችን እሺ ማመን አልነበረብኝም። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ማንበቢያውን አሳየችኝ። እኔ በከፈትኩት የዝናሽ ገጽ ገብታ የእናቷን የልደት ዓመት ቀይራዋለች። ይህን ዓመት ከየት አመጣሽ ብላት «የኔን ነው የሰጠኋት፤ ትክክለኛውን። በፈረንጅ ቀይሬ» አለች። «አራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት አላለችም? እኔም አራተኛ ነኝ። ከዚያው ትቀጥል።»

ዝናሽን አስራ አንድ ዓመት አድርጋታለች። የመኝታ ሰዓትም ወስናላታለች፤ ቀደም ያለ። ወላጅ በሚለው ቦታ የራሷን ስም አስገብታለች፤ ለማሽኑ እሷ አሁንም አዋቂ ናት። ማሽኑ እንደ ልማዱ እንኳን ደህና መጣሽ ብሏታል።

«ግን እኮ» አልኳት፣ «ልጅ ከሆነች ያንቺን ማየት ይቀርባታል። ምን እንዳነበብሽ አታውቅም።»

«እነግራታለሁ» አለች። «በአፌ።»

ዝናሽ እስከ ዛሬ ትከራከራለች። የመኝታ ሰዓት ደርሶ ሲዘጋባት ትደውላለች። ትናንት «አንዲት ገጽ ብቻ ናት የቀረችኝ፤ ክፈችልኝ በያት» አለችኝ። ለረድኤት ነገርኳት። ከደብተሯ ቀና ሳትል «ነገ» አለች። ቀጥላ ስልኩን ወሰደችና የቀረውን ገጽ ራሷ አነበበችላት፤ አነበበችላትና ስለ ዓሣ ነባሪ ጀመረች። መሃል ላይ ወዲያ ማዶ ድምፅ ጠፋ። «ተኛች» አለች ረድኤት፣ በቀስታ፣ ስልኩን እየመለሰችልኝ።

እንግዲህ ሰሞኑን ሰዎች ይጠይቁኛል። ልጃቸው ዓረብ አገር ያለች፣ የልጅ ልጅ የሚያሳድጉ፣ የወላጅ መቆጣጠሪያ ያለው ዕቃ የቱ ይሻላል የሚሉ። እኔ የተማርኩ ነኝና መልስ ይጠበቅብኛል። ስለ ባትሪው አላውቅም። ስለ ውኃውም አላውቅም። መቆጣጠሪያው ግን ደህና አድርጎ ይሠራል። ከተገዛ ወዲህ እህቴ በጊዜ ትተኛለች።